በድስቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣና የጅቡቲ ከተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን በሚበሰልበት ወጥ ቤት ከእሳት የወረደ ድስት እንደ ደጋው አገራችን ተከድኖ ሊውል ከቶ አይችልም፤ በሌላው ጊዜ ሁለት ሰዓት በውጭ እንዲቆይ የሚፈቀድለት የበሰለ ምግብ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ባለፈበት ስፍራ የሚፈቀድለት አንድ ሰዓት ብቻ ነውና። ጤነኛውን ጎልማሳ አንድ ቀን ሆዱን አሳምሞ የሚተወው ምግብ፣ የደከመውን አረጋዊ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ይህን ሥርዐት አብሳዮቻችን አሳምረው ያውቁታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሌውና አፋሩ አብረው በሚሠሩበት ወጥ ቤት፣ አንዲት የአገራችን ሴት ከቀትር በኋላ ባወረደችው ሾርባ ላይ «8 ሰዓት» ብላ ብትጽፍ፣ በፈረንሳዮች ሰዓት ያደገው የሌሊት ተረኛ በእርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ላይ የወረደ ይመስለዋል፤ በዚህም ሾርባው ስድስት ሰዓት ያህል ዕድሜው ይቀነስለታል። ቀኑማ ይብሳል። ሐምሌ 3 በእኛ አጻጻፍ 3/11 ሲሆን፣ ያ ቀን በጅቡቲዎቹ ዘንድ ጁላይ 10 ነው፤ ወረቀቱን ግን ኖቬምበር 3 ብለው ያነቡታል፤ በማቀዝቀዣ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ መቆየት የማይገባው ወጥ ገና ወራት የተሰጡት ይመስላል። ስለዚህ የባሕረ ሐሳቡን ክርክር ለሊቃውንት ትተን፣ ቀኑ በጅቡቲ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም እስከ 24 በሚቆጠረው እንዲጻፍ ተስማማን። በመጀመሪያ ዘመናችንን የቀሙን ያህል አጕረምርመን ነበር፤ አሁን ግን «የ14 ሰዓት ሾርባ» ማለት ለምደናል።

ወረቀቱም የሚለጠፈው በክዳኑ ሳይሆን በዕቃው ጎን ነው፤ ክዳን በእጥበት ጊዜ ይለዋወጣልና፣ የትናንቱ ሩዝ የዛሬን ቀን ተሸክሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሩዝ ደግሞ ተንኰለኛ ነው፤ በቶሎ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያፈራበትን መርዝ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በሚመጣ ኤሌክትሪክ የምትረዳው ይህች ከተማ መብራት የሚጠፋባት ጊዜ አለ። በሩ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፣ መብራቱ የጠፋበት ሰዓት ወዲያው በበሩ ላይ ይጻፋል። ሳይጻፍ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ግዢ ክፍሉ ስለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያዝን፣ ሥጋውና ወተቱ እንዲጣል አዛለሁ።