ከልጆች ጋር ወደ ባሕርና ወደ ወንዝ ከመሄዳችሁ በፊት



ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ወይም ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ ይጓዛል። በአገር ቤት በመልካው የምንሻገረው ወንዝ ጥልቀቱ የታወቀ ነበር፤ ባሕር ግን ላዩ ጸጥ ብሎ ሳለ ሰውን ወደ ውስጥ የሚወስድ ኃይለኛ የውኃ ሞገድ ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ነፍስ አድን ሠራተኛ፣ በዕብራይስጥ «መጺል»፣ በሥራ ላይ ባለበት በተፈቀደ ዳርቻ ብቻ ዋኙ። ነጭ ባንዲራ መዋኘት እንደሚቻል፣ ቀይ ባንዲራ አደጋ እንዳለ፣ ጥቁር ባንዲራ መዋኘት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ያመለክታል። ውኃው ወደ ውስጥ ቢወስዳችሁ አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከኃይሉ ስትወጡ ወደ የብስ ተመለሱ።

በኪኔሬት ከቀትር በኋላ የሚነሣው የምዕራብ ነፋስ በአየር የተነፋ ፍራሽን ከዳር ያርቃል፤ ልጆችን በላዩ አታስቀምጡ። በዮርዳኖስ በጀልባ ስትሄዱ ሁላችሁም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልበሱ።

የሚሰጥም ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። ስለዚህ አንድ ዐዋቂ፣ እጁ ከሚደርስበት ሳይርቅ ይጠብቀው፤ ጥበቃው ለታላቅ ልጅ አይተው። አደጋ ቢደርስ መጺሉን ጥሩ፤ በስልክ ቁጥር 101 ለማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ።