አደጋን አስቀድሞ ስለ ማየትና ስለ መንገር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ከሰው አፍ የማይጠፋ ቢሆንም፣ በሥራ ሲፈጸም የሚታየው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የእርዳታ እህልና ድንኳን የሚጫነው ለቅሶ ከተሰማ በኋላ ነው። ዛሬ ግን አደጋን ከሩቅ የሚያሳዩ ሁለት መሣሪያዎች ስላሉ፣ «አላየንም» ብሎ ማመካኘት ከቀን ወደ ቀን የሚያስቸግር ሆኗል። እነርሱም በሰማይ የምትዞረው ሳተላይትና፣ ሰው ሳይሳፈርባት ከምድር የምትመራው ትንሽ አውሮፕላን፣ ድሮን ናቸው።

የሳተላይትን ጥቅም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አጠገብ የሆነው ነገር ያስረዳል። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች መካከል ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፣ በላይዋ ለቆመ ሰው የሚታወቀው መንቀጥቀጡ ብቻ ነበር። ነገር ግን በ700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ የሚዞሩ የራዳር ሳተላይቶች፣ ደመናና ጨለማ ሳይከለክላቸው የምድሩን ገጽ በየጊዜው ይለካሉ፤ የዛሬው ልክ ካለፈው ጋር ሲተያይም መሬቱ የት እንዳበጠ፣ የት እንደ ዘቀጠ በሴንቲ ሜትር ይታወቃል። ከዚህም የተነሣ የቀለጠ ዓለት ከሥር ገብቶ ምድሩን እየከፈለው መሆኑን ሊቃውንት ተረዱ። ንውጥውጡ በበረታ ጊዜም በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺሆች የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ለቅቆ ራቀ። እርግጥ ሳተላይት ምድር የምትናወጥበትን ቀንና ሰዓት አትናገርም፤ የሚያሰጋው ስፍራ የት እንደ ሆነ ግን ታመለክታለች።

ከዚህ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው ኀዘን ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ከብርቱ ዝናም በኋላ ተራራው ተንዶ ሰው ስለ ቀበረ፣ ጎረቤት ለማዳን ተሰብስቦ ሲቈፍር ሁለተኛው ናዳ በላዩ ወረደ፤ ከ200 የሚበልጥም ሰው አለቀ። እንዲህ ባለው ስፍራ ድሮን፣ ሰው እግሩን ሳያኖርበት ከገደሉ በላይ በርራ አዲስ ስንጥቅ መኖሩን ፎቶግራፍ አንሥታ ልታሳይ ትችላለች። ለዚህ ግን መሣሪያዋ በዋና ከተማ መጋዘን ሳይሆን በየአውራጃው፣ ከሚያበርራት ባለሙያ ጋር መገኘት አለባት። የድሮን ስም በብዙ ሰው ዘንድ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነም፣ ከማብረር በፊት ለሕዝቡ ማስታወቅ ይገባል።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር ወደ ሰማይ መላኳ መልካም ጅማሬ ነበር። ሆኖም የሳተላይት ሥዕል በሹም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢቀር የሚያድነው አንድ ነፍስ የለም። ወረዳው ትርጓሜውን በዕለቱ ተቀብሎ፣ ለገበሬውና ለአርብቶ አደሩ በሚያውቀው ቋንቋ «ከዚህ ተነሣ፤ ወደዚያ ሂድ» ሊለው ያስፈልጋል፤ የሚሄድበትም ስፍራ ውሃና መጠለያ ይዞ የተዘጋጀ ይሁን። የመልእክቱ መንገድ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ በአፋር መንገደኛ ከመንገደኛ ወሬ የሚቀባበልበት ዳጉ፣ በደጋውም የቤተ ክርስቲያን ደወልና የገበያ አዋጅ ነው። ከማያውቁት መሥሪያ ቤት ከመጣ ደብዳቤ ይልቅ ካህንና ሽማግሌ የተናገሩትን ሕዝብ ፈጥኖ ያምናል።

በግንብ ላይ የቆመ ጠባቂ የሚመጣውን አይቶ መለከት ባይነፋ፣ ማየቱ ለከተማይቱ ምን ጠቀማት? ስለዚህ የሹም ትጋት የሚመዘነው ከአደጋ በኋላ ባከፋፈለው እህል ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ባተረፈው ነፍስ ጭምር ሊሆን ይገባል።