የባሕር ጠረፍ ቤት ወደ ደጋ ሲወጣ

መልሕቅ የታተመበት ትራስ፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ትንሽ መርከብ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የገመድ ቋጠሮ፣ በሳህን የተከመረ ዛጎል። ብዙ ሰው «ኮስታል» የሚባለውን የቤት ማስዋቢያ ስልት የሚያውቀው በእነዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ደስ ይላሉ፤ ሳሎን ገብተው ሲሰነብቱ ግን ቤቱን የዓሣ ምግብ ቤት ያስመስሉታል። ዛሬ «ዘመናዊ ኮስታል» የሚሉት ስልት ሥራውን የሚጀምረው እነዚህኑ ዕቃዎች ሰብስቦ በማስወጣት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብርሃን፣ አየር፣ ሲዳስሱት ሻከር የሚል ሽምን፣ የነጣ እንጨትና ጥቂት ሰማያዊ ነው። አንዳቸውም ለማማር ብቻ አልተመረጡም።

ነገሩን ከምንጩ ለማየት ወደ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ እንሂድ። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው የሎንግ አይላንድ ደሴት ጫፍ ሃምፕተንስ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ መንደሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1870 ባቡር ሳውዝሃምፕተን ከገባ ወዲህ የከተማው ባለጸጋ የበጋውን ወበቅ ሸሽቶ ወደዚያ ይጎርፍ ጀመር። በዚያው ዘመን በዚያው ጠረፍ ራቅ ብላ በምትገኘው የሮድ አይላንዷ ኒውፖርትም እንዲሁ የበጋ ቤቶች ይሠሩ ነበር፤ ማኪም፣ ሚድና ዋይት የተባሉት አርክቴክቶች በ1883 የጨረሱት የአይዛክ ቤል ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። የዚህ ዓይነት ቤት ግድግዳ ከጥድ ወገን በሆነ ዛፍ ስንጥር እየተደራረበ ይለበጣል። ስንጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አይቀባም። የፀሐይ ጨረር እንጨቱን አጥብቆ የሚይዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይሰባብረዋል፣ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፣ ቡናማው ገጽ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብርማ ግራጫ ይሆናል። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ተነክሮ ግራጫ የሆነው ጠረጴዛ የሚኮርጀው ያንን የዓመታት ሥራ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ነው። የበጋ ቤት ሰው ከባሕር ሲመለስ በእርጥብ እግሩ አሸዋ ይዞ የሚገባበት ቤት ነው። ጠጉራም ምንጣፍ አሸዋውን ውጦ አይመልስም፤ ስለዚህ ወለሉ ባዶ ጣውላ ወይም ድንጋይ ሆነ፣ ቢነጠፍበትም እጅብ ያላለ፣ አንሥተው የሚያራግፉት የሣር ወይም የቃጫ ምንጣፍ። ሶፋው ወልቆ የሚታጠብ የጥጥ ልብስ ለበሰ፤ ነጭ የሆነውም ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ቢውል የሚለቀው ቀለም ስለሌለው ነው። ጨው ያዘለ አየር ብረትን ስለሚበላ የመሳቢያው መያዣ ነሐስ ወይም ገመድ ሆነ። ራታን ወንበር ተወዳጅ የሆነው አየር ስለሚያሳልፍና ቶሎ ስለሚደርቅ ነው። ሰማያዊና ነጩ መስመር የመጣው ከመርከበኛ ልብስ ነው፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጣው ደንብ የመርከበኛው ሹራብ 21 ነጭ መስመር እንዲኖረው፣ ነጩም የሰማያዊውን እጥፍ እንዲሰፋ ደንግጎ ነበር። ዛሬ መስመር ያለበት ትራስ ገዝተው «ለምን አላማረም?» የሚሉ ሰዎች ይህን መጠን ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል፤ ነጩና ሰማያዊው እኩል ሲሆኑ ዓይን ያወናብዳሉ።

ስለ ነጩ ግድግዳ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በለንደን ሲሪ ሞም የተባለች አስጌጭ በ1927 ሳሎኗን ከጣራ እስከ ምንጣፍ ነጭ በነጭ አድርጋ ለእንግዶቿ ስታሳይ ፋሽን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

ዘመናዊውን ስልት በአንድ ቤት ላይ ማየት ለሚፈልግ ግን የእኔ ምርጫ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከሞናኮ አጠገብ፣ ሮክብሩን-ካፕ-ማርታን በሚባለው ገደላማ ጠረፍ ላይ ያለው ኢ-1027 ነው። ቤቱን ከ1926 እስከ 1929 ያሠራችው አየርላንዳዊቷ አይሊን ግሬይ ናት። ስሙ የሁለት ሰዎች ምስጢር ነው። ኢ የአይሊን ነው፤ ቁጥሮቹ በላቲን ፊደል ተራ የሚቈጠሩ ሲሆኑ 10 እና 2 የወዳጇ የዣን ባዶቪቺ፣ 7 የራሷ የግሬይ መነሻ ፊደላት ናቸው። ባዶቪቺ የአርክቴክቸር መጽሔት አዘጋጅ ነበር፤ ቤት ሥሪ ብሎ የገፋፋትም እሱ ነው። ግሬይ አርክቴክቸር አልተማረችም። ፓሪስ ውስጥ ከጃፓናዊው ሴይዞ ሱጋዋራ የላከር ቅብ ተምራ፣ ሞሮኮ ወርዳ የሱፍ ማቅለምና ሽመና ተለማምዳ፣ በምንጣፍና በቤት ዕቃ ሥራ ስሟን የተከለች ሴት ነበረች። ቤቱን ስትጀምር ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር።

መጀመሪያ ያጠናችው ፀሐይዋ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባና ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ ነው። ሳሎኑ ወደ ባሕሩ የሚከፈተው ተጣጥፎ በሚሰበሰብ የመስታወት በር ነው። መስኮቶቹ ላይ የሚንሸራተቱት መዝጊያዎች የሚዘነበሉ ስንጥሮች ስላሏቸው ፀሐዩን አስቀርተው ነፋሱን ያስገባሉ። የበረንዳው መከለያ ሸራ የተወጠረበት የብረት ዘንግ ነው፤ የመርከብ ዘዴ ነው። «ትራንሳት» ያለችው ወንበር በአትላንቲክ ተሻጋሪ መርከቦች ወለል ላይ የሚዘረጋውን ወንበር ይዞ የተሠራ ነው። አልጋ ላይ ለሚበላ ሰው ከፍና ዝቅ የሚል፣ ከብረት ቱቦና ከመስታወት የተሠራ ትንሽ ክብ ጠረጴዛዋ ዛሬም እየተመረተ ይሸጣል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ የባሕር ካርታ አለ፣ በረንዳው ላይ የነፍስ አድን ቀለበት ተንጠልጥሏል። ቀለበቱን እንደ ቀልድ ነው የማየው፤ በዚያ ሁሉ ቁም ነገር መካከል አንድ ቀልድ ተፈቅዶለታል። ሁለተኛ ቢጨመር ኖሮ ቤቱ ይበላሽ ነበር።

የተበላሸው በሌላ መንገድ ነው። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ በ1938 እና በ1939 በእንግድነት መጥቶ ባዶዎቹን ነጭ ግድግዳዎች በትልልቅ ሥዕሎች ሞላቸው። ግሬይ አጥብቃ ተቆጣች፤ ባዶው ግድግዳ ያልተጨረሰ ሥራ ሳይሆን ራሱ ሥራው ነበርና። ለ ኮርቡዚየ በኋላ እዚያው አጠገብ 3.66 በ3.66 ሜትር የሆነች የእንጨት ጎጆ ሠርቶ በየበጋው ያርፍባት ጀመር፤ በ1965 የሞተውም ከዚያው ሥር ባለው ባሕር ሲዋኝ ነው። ቤቱ ለዓመታት ከተጎሳቆለ በኋላ ታድሶ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው።

እስካሁን ያየናቸው የጠረፍ ቤቶች ሁሉ የበጋ እንግዳ ቤቶች ናቸው። ፀሐይን ናፍቆ የሚመጣ ሰው ነው የሠራቸው። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ የማይለቀው የባሕር ሰው ቤቱን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። የምጽዋን አሮጌ ከተማ ተመልከቱ። ከባሕር የተቈረጠ የኮራል ድንጋይ በኖራ ተለስኖ ወፍራም ግድግዳ ሆኗል፤ ወደ ውጭ ብቅ ያለው መስኮት በእንጨት ፍርግርግ ተሸፍኖ ነፋስ እንጂ ፀሐይ አያስገባም፤ ሙቀቱ ሲከፋ ሰው ጣራ ላይ ይተኛል። በኬንያ ጠረፍ ያለችው ላሙም በኮራል ድንጋይ የታነጸች ናት፤ የክፍሎቿን ስፋት የወሰነው ጣራውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ርዝመት ስለሆነ ክፍሎቿ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው። እዚያ ጥሩ ክፍል ማለት ጨለም ያለ ክፍል ነው። በየመጽሔቱ የምናየው በብርሃን የተጥለቀለቀ ሳሎን ምጽዋ ላይ ቢሠራ ከረፋድ በኋላ ማን ይቀመጥበታል?

ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ባሕር የሌላት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ ከምጽዋ ይልቅ ለዚህ ስልት ትመቻለች። ቤታችን ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ ብትገባ ደስ ይለናል። ደረቅ አየር ደግሞ የሣርና የቃጫ ሥራን ከሻጋታ ያድናል፤ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ በዚህ ሊቀናብን ይገባል። ዕቃውንም ከሩቅ ማስመጣት የለብንም። ራታን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሐረግ ነው፤ በምትኩ በየመንገዱ ዳር ቀርከሃ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉን። ወለሉ ላይ ሰሌን፣ ግድግዳው ላይ ባልቀለመ ስንደዶና አክርማ የተሰፋ ሰፌድ፣ ሶፋው ላይ ጋቢ፣ መስኮቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሸማ ይበቃል። በውድ ዋጋ የሚሸጠው ሊነን ጨርቅ እንኳን የሚፈተለው እኛ ለዘይቱና ለፍትፍቱ ከምንዘራው የተልባ ተክል ግንድ ነው።

ከውጭ መጽሔት እንዳለ መገልበጥ የማያስኬደው ስለ ብርሃን የሚሰጠው ምክር ነው። «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም» የሚለው ለለንደንና ለኒው ዮርክ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትቆመው። እኛን የሚያስቸግረን የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ነው፤ በተለይ የምዕራቡ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሶፋው ላይ ስትወድቅ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አልትራ ቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ እዚህ ቶሎ ይነጣል። ሰማያዊው ከመስኮት ይራቅ፤ ትራስ ላይ፣ ስኒ ላይ፣ አንድ በር ላይ ይሁን።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደመናው ሲከብድ ብርሃኑ ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፍጹም ነጭ ግድግዳ በዚያ ብርሃን የሆስፒታል ኮሪደር ይሆናል። ቢጫ ወይም ቡናማ ጠብታ ያለበት ኦፍ ዋይት ይሻላል። በዚያ ላይ የዘመኑ ልማድ የሆነው ባለ ብዙ እርከን የጂፕሰም ኮርኒስ፣ 6,500 ኬልቪን ከሆነ ነጭ አምፖል ጋር ሲጣመር፣ ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ማብሪያ ያጠፋዋል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 2,700 ወይም 3,000 የሚለውን ፈልጉ። ቀለሙንም ባልዲ ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ገዝታችሁ ሰፊ ካርቶን ቀቡና ከግድግዳ ግድግዳ እያዛወራችሁ፣ ጠዋትም፣ ማታ መብራት ሲበራም እዩት፤ ቢቻል ዝናብ ባለበት ቀን።