የሳይንስ ወሬና ምስክሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጋይንት ወጥተን ነበር። ነፋስ መውጫ ከተማ ስንደርስ ዝናብ ያዘንና ከአንዲት ሻይ ቤት ተጠለልን። ዝናብ ያገናኘው ሰው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ ይጫወት ነበር። በመካከሉ አንድ የመሰናዶ ተማሪ ሞባይሉን አውጥቶ የደረሰውን መልእክት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። መልእክቱ በዚያ ወር መጨረሻ ማርስ ወደ ምድር እንደምትቀርብ፣ ጨረቃን አክላ እንደምትታይ፣ በሰማይም ላይ ሁለት ጨረቃ የወጣ እንደሚመስል፣ ይህንንም ትዕይንት በሕይወት ያለ ሰው ዳግመኛ እንደማያየው የሚያበሥር ነበር።

ጨዋታው ደራ። አንድ ሾፌር «እሰይ! እንግዲህ መብራት ቢጠፋም ግድ የለንም» አለ። ሌላው ውጭውን የሸፈነውን ጉም እየተመለከተ «የጋይንት ነሐሴ እንኳን ሁለተኛዋን፣ የመጀመሪያዋንም ጨረቃ አላሳየን» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የፊዚክስ መምህር መሆናችንን የሚያውቅ አንድ ዘመዳችን «እስቲ ዶክተር፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «ተወው፣ የፈጠራ ወሬ ነው» ብለን ከሳቂዎቹ ጋር ሳቅን። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ከጥግ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጡ የነበሩ አንድ መሪጌታ ግን አልሳቁም። ወደ ልጁ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ይህን ቃል ከማን ተቀበልኸው? እርሱስ ከማን ተቀበለው?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። ቀጥለውም ወደ እኛ ዞረው «መምህርም ሐሰት ነው አሉን እንጂ የቱ ላይ እንደ ተሳሳተ አልነገሩንም» አሉን።

እውነት ነበራቸው። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት «ማስረጃህን አሳይ» እየተባልን ተምረን ስናበቃ፣ ሻይ ቤት ስንገባ በማዕረጋችን ብቻ መለስን። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዕለት ዕዳ መክፈያ ነው።

ማርስና ሽንብራዋ

አንድ አካል ለዓይናችን ምን ያህል ገዝፎ እንደሚታይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የአካሉ እውነተኛ ዲያሜትርና ከእኛ ያለው ርቀት ናቸው። የጨረቃ ዲያሜትር 3,474 ኪሎ ሜትር፣ ከምድር ያላት አማካይ ርቀት ደግሞ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቷን ለዲያሜትሯ ብናካፍል 111 ያህል እናገኛለን። ይህም ማለት አንድ ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላትን ሽንብራ ጓደኛችን ከዓይናችን 111 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢይዝልን፣ ሽንብራዋ ሙሉ ጨረቃን በልኳ ትሸፍናለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ማርስ እንለፍ። ዲያሜትሯ 6,780 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከጨረቃ በእጥፍ ገደማ ትበልጣለች። ነሐሴ 21 ቀን 1995 ዓ.ም. ማርስ ወደ 60,000 ለሚጠጉ ዓመታት ባልሆነ ቅርበት ወደ ምድር ቀርባ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ርቀቷ 55.76 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህን ለዲያሜትሯ ብናካፍለው 8,200 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ያችኑ ሽንብራ የያዘው ጓደኛችን 82 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ከዚያ ሆኖ የያዛትን ሽንብራ አክላ የምትታየው ማርስ ናት። ለዓይን ደመቅ ያለች ቀይ ኮከብ እንጂ ጨረቃ አትመስልም።

ሁለቱን ቁጥሮች ብናነጻጽር፣ 8,200 ለ111 ሲካፈል 74 ያህል ይመጣል። ይህን ቁጥር አንባቢያን ልብ ይበሉልን። በ1995 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ በኢሜይል የተሰራጨው የመጀመሪያው መልእክት ማርስ በ75 እጥፍ በሚያጎላ መሣሪያ ስትታይ፣ በባዶ ዓይን የምትታየውን ሙሉ ጨረቃ እንደምታክል የሚገልጽ ነበር። ይህ አባባል ከሞላ ጎደል ትክክል ነው! ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን «በ75 እጥፍ በሚያጎላ መሣሪያ» የሚለው ሐረግ ወደቀ። የተወሰነው ቀንም ከነዓመተ ምሕረቱ ተዘነጋ። ወሬው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በነሐሴ ወር እንደ ክረምት ጉም ይመለስ ጀመር።

ስለዚህ ተሳስተን የነበረው እኛም ነበርን። ወሬው ፈጠራ አልነበረም፤ አንዲት ሐረግ የወደቀችበት እውነት ነበር። ሐረጓን ፈልጎ መመለስ ሲገባን ወሬውን ሙሉ በሙሉ ጣልነው።

ማርስ በእርግጥ ጨረቃን አክላ ትታይ ቢሆንስ? ለዚህ ርቀቷ 750,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆን ነበረበት። መጠነ ቁሷ ከጨረቃ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ከዚያ ርቀት ሆና የባሕርን ውኃ ከፍና ዝቅ በማድረግ ረገድ ከጨረቃ አታንስም ነበር። ዜናውን ከሞባይል መልእክት አስቀድሞ የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጆች በሰሙት ነበር።

የቤተ ልሔም ትምህርት

መሪጌታው ያንን ጥያቄ ለምን እንደ ጠየቁ የገባን ቆይቶ ነው። በወጣትነታቸው ድጓ ያስመሰከሩት እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነበር። እንደሚታወቀው ድጓ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት መሆኑ ይነገራል። አንድ ደቀ መዝሙር ድጓን በየትኛውም አገር ቢማር፣ መምህር ለመሆን የሚያስመሰክረው በቤተ ልሔም ነው። የተማረውን በዚያ ባሉት መምህር ፊት ያቀርባል፤ ስሕተቱ ይታረማል፤ ካልበቃም እንደገና ይቀጽላል።

በድጓው ፊደላት ላይ ዜማውን የሚመሩ ረቂቅ ምልክቶች አሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠሩ ይነገራል። አንዲት ምልክት ብትጎድል ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ዜማው ሌላ ይሆናል። ተማሪውም «ጓደኛዬ እንዲህ ብሎኛል» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ምስክር ቤት አለና።

እርግጥ ነው፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። በቤተ ልሔም የሚፈተነው የተቀበሉትን ሳያጎድሉ ማድረስ ነው። በሳይንስ ደግሞ ዋናው ምስክር ተፈጥሮ ራሷ ስትሆን፣ ሽንብራና ሜትር ያለው ሰው ሁሉ ሊጠይቃት ይችላል። ሆኖም የሳይንስ ወሬ በየሻይ ቤቱና በየስልኩ ሲዘዋወር የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በመተላለፉ ላይ ነው። የሚወድቀውም ወሬውን እውነት የሚያደርገው ትንሹ ሐረግ ነው፤ «በዚህ መሣሪያ»፣ «በዚህ ቀን»፣ «በዚህ ቦታ» የሚለው።

«ዛሬ ሌሊት ሞባይላችሁን አጥፉ»

ሁለተኛውን ምሳሌ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። «ዛሬ ሌሊት ከማርስ የሚመጣ የጠፈር ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ሞባይላችሁን አጥፉ፤ ከራሳችሁም አርቁት» የሚለው መልእክት በብዙ አገሮች፣ በአገራችንም ተዘዋውሯል። «ዛሬ» የሚለው ቃል መቼም ስለማያረጅ መልእክቱም አያረጅም።

የጠፈር ጨረር መኖሩ እውነት ነው። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ከፍታው ሲጨምር ጨረሩም እንደሚጨምር ለካ፤ በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ይህ ጨረር ለአንድ ሌሊት የሚመጣ እንግዳ አይደለም። በባሕር ወለል ከፍታ እንኳ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ በየደቂቃው አንድ ያህል ሙዮን የተባለ ቅንጣት ያልፋል። ይህን አንቀጽ አንብባችሁ እስክትጨርሱ በመዳፋችሁ ውስጥ በርካታ አሥሮች አልፈዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ነፋስ መውጫማ ቁጥሩ ይበልጣል። ሞባይል ቢጠፋም ቢበራም ቅንጣቶቹ መምጣታቸውን አይተዉም። ማርስም የፀሐይን ብርሃን የምታንጸባርቅ ፕላኔት እንጂ የዚህ ጨረር ምንጭ አይደለችም።

ታዲያ እዚህስ የወደቀችው ሐረግ የትኛዋ ናት? «ከምድር ከባቢ አየር ውጭ» የምትለው ናት። በላያችን ያለው አየር ክብደቱ አሥር ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር ስለሚስተካከል እንደ ጋሻ ይከላከልልናል። ከእርሱ ውጭ ለሚጓዙ መንኮራኩሮች ግን ጨረር በእርግጥ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 በተነሣው ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ወቅት፣ በማርስ ዙሪያ ትዞር በነበረችው ኦዲሲ መንኮራኩር ላይ የተተከለው የጨረር መለኪያ ሥራውን አቁሟል። በጠፈር ላሉ መሣሪያዎች ተገቢ የሆነው ጥንቃቄ ወደ መኝታ ቤታችን ሲገባ ግን ቦታውን ስቷል።

ዓይን የሚያስከፍል ስሕተት

እስካሁን ያነሣናቸው ወሬዎች ቢበዛ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጡ ይሆናል። ሦስተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በአገራችን ላይ አልፏል፤ ከጋይንት በስተምሥራቅ ያለችው ላሊበላም በመንገዱ ላይ ነበረች። ሰዓቱና መንገዱ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። የጠራ የሳይንስ ዜና መለያው ይኸው ነው፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚሉት ሁሉ አስቀድመው ይነገራሉ፤ ዕለቱ ሲደርስም ማንም ያረጋግጣቸዋል።

ሌላ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ይደርሳል። ሙሉ ግርዶሹ በሰሜን አፍሪቃ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ያልፋል፤ በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። በኢትዮጵያ ግን ከቀትር በኋላ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ብቻ ነው። ከዚያ የሚመጣው ዜና «ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል» ይል ይሆናል፤ ይህም ለሉክሶር እውነት ነው። «ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች» የምትለው ሐረግ በመንገድ ወድቃ «በግርዶሽ ጊዜ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል» ሆና ብትደርሰንስ?

ከፀሐይ ገጽ አንድ መቶኛው ብቻ ቢቀር፣ ያ የቀረው ክፍል ድምቀቱ ቅንጣት አልቀነሰም፤ የቀነሰው ስፋቱ ነው። የዓይናችን ሌንስ ያንን ብርሃን በሬቲና ላይ ጠባብ በሆነች ቦታ ያከማቸዋል። ሬቲና ደግሞ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ አይነግረንም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ የማንበቢያው የዓይን ክፍል ሲደበዝዝ ነው። በጭስ የጠቆረ መስታወትም ሆነ የራጅ ፊልም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ ለግርዶሽ ተብሎ በትክክል የተሠራ መነጽር ነው። ይህ ባይገኝ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ፣ በመርፌ በተበሳ ካርቶን በኩል ብርሃኑን በነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይበቃል። የቆርቆሮ ጣሪያ የምስማር ቀዳዳ በወለል ላይ የሚጥላትን ክብ ብርሃን ያስተዋለ ሰው፣ ያቺ ክብ የፀሐይ ምስል መሆኗን ይወቅ። በግርዶሽ ቀን እርሷም እንደ ማጭድ ትጎድላለች።

ወሬውን እንዴት እንቀበል?

ውድ ተማሪዎች፣ የሳይንስ ወሬ አታውሩ ለማለት አልተነሣንም። በሻይ ቤትና በዶርም የሚደረገው ጨዋታ ብዙዎቻችንን ወደዚህ ትምህርት የሳበን ነው። የሚያስፈልገው ለወሬው ምስክር ማቆም ነው። ከማን ተቀበልነው? ምን ያህል፣ መቼና የት ይላል? ከዚያም በእርሳስና በወረቀት ሊሰላ የሚችል ነገር ካለው እናስላው። ቁጥር ወይም ቦታ የጎደለው ከሆነ፣ ከመሳቃችንም ከማስተላለፋችንም በፊት የወደቀችውን ሐረግ እንፈልግ።

ይህ ለእኛ ለመምህራንም የተጻፈ ነው። ያ የመሰናዶ ተማሪ በዚያ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ያነሣው ርእስ የአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የፊዚክስ ትምህርት ይወጣው ነበር። ምናልባት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን መጽሔት ያነብ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ይቅርታ እየጠየቅን፣ አንዲት ሽንብራ ለጓደኛው ሰጥቶ 82 ሜትር እንዲያስርቀውና ራሱ እንዲመለከታት እንጋብዘዋለን።