ሳፋሪ ከቤት ይጀምራል፦ ስለ ሴሬንጌቲና ማሳይ ማራ ጉዞ ተረትና እውነታ

ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገው በረራ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከዚያ በመኪና ወደ ምዕራብ ለተጓዘ በምድራችን ካሉት ታላላቅ የዱር እንስሳት ፍልሰቶች አንዱ የሚካሄድበት የሴሬንጌቲ ሜዳ ይጠብቀዋል። ለአዲስ አበባ ነዋሪም ሆነ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመድ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ሩቅ አገር አይደለም። ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥቶ፣ በወሬ ተመርቶ፣ እንስሳቱ በሌሉበት ወርና ቦታ መገኘት ያሳዝናል። እንስሳቱ ዝናብና ሣር የሚወስኑላቸው የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው፤ ቀጠሮውን አውቆ በሰዓቱ መድረስ የጎብኚው ድርሻ ነው።

ተረት፦ «ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ስለሆነ ለሳፋሪ አይሆንም።»

እውነታ፦ ክረምት የሆነው እኛ ጋ ነው። በሰሜን ታንዛኒያና በደቡብ ኬንያ ከባዱ ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን አነስተኛው ዝናብ ኅዳር አካባቢ ይመጣል። የእኛ ሰማይ በሚያጉረመርምበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ ቁጥቋጦው ይሳሳል፣ እንስሳቱም ውኃ ባለበት ይሰበሰባሉ። በታንዛኒያው ታራንጊሬ ፓርክ በዚህ ጊዜ ዝሆኖች በመንጋ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ለልጆቻችን የትምህርት ዕረፍት የሆነው ወቅት ለሳፋሪ ከሁሉ ከሚመረጡት ወራት ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ወቅቱ ተፈላጊ በመሆኑ ግን ዋጋው ይወደዳል፣ ማረፊያውም ቀድሞ ያልቃል፤ ወራት አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

ተረት፦ «ታላቁ ፍልሰት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኬንያ ውስጥ ብቻ የሚታይ ትርዒት ነው።»

እውነታ፦ ፍልሰቱ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ዋይልድቢስት የሚባሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሣር በል እንስሳት፣ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ የሜዳ አህዮችና ሚዳቋዎች ጋር፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሣር እየተከተሉ ይዞራሉ። ዓመቱን አብዛኛውን የሚያሳልፉትም ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ፍልሰቱን መቼ ልይ?» ከማለት «በምሄድበት ወር መንጋው የት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ መንጋው በደቡብ ሴሬንጌቲና በንዱቱ አካባቢ ነው፤ የመውለጃ ጊዜው ነውና። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥጆች ይወለዳሉ። እናቲቱ ሣሩ ላይ ትወልዳለች፤ ጥጃው እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ከእናቱ ጎን ይሮጣል። ጅብና አቦሸማኔ ቅርብ ናቸውና ቆሞ መሮጥ ያልቻለ ጥጃ ዕድሉ ጠባብ ነው። በሚያዝያና በግንቦት መንጋው ወደ ሰሜን ምዕራብ ያመራል፣ በሰኔ ግሩሜቲ ወንዝ አካባቢ ይደርሳል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ የማራን ወንዝ ይሻገራል።

ይህ ወንዝ በኬንያው ማሳይ ማራ ብቻ ሳይሆን በሰሜን ሴሬንጌቲም ስለሚያልፍ መሻገሩ ከሁለቱም አገሮች ይታያል። መንጋው ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ለሰዓታት ቆሞ፣ አቧራ አስነስቶ፣ ሳይሻገር ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። አዞዎቹ ይጠብቃሉ፤ ጎብኚም መጠበቅ አለበት። መሻገሩን ማየት የሚፈልግ ሰው ወንዙ አጠገብ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ቢያድር ዕድሉ ይሰፋል።

ተረት፦ «ማሳይ ማራና ሴሬንጌቲ የተያያዙ ስለሆኑ በአንድ ቪዛና በአንድ መኪና ሁለቱንም እናያለን።»

እውነታ፦ መሬቱ የተያያዘ ነው፤ መንገዱ ግን ለጎብኚ ዝግ ነው። እንስሳቱ እንደልብ የሚያቋርጡትን ድንበር ሰው በፓርኩ ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ በኢሴባኒያ ወይም በናማንጋ ኬላ መዞር ግድ ነው፤ ይህም የአንድ ቀን ጉዞ ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ መኪናና አስጎብኚም ድንበሩ ላይ ይቀየራሉ። 100 ዶላር የሚከፈልበት የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛም የሚያገለግለው ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለሩዋንዳ ነው፤ ታንዛኒያን አይጨምርም። ከዐሥር ቀን በታች ጊዜ ያለው ሰው አንዱን አገር መርጦ በእርጋታ ቢያይ ይሻለዋል። የቪዛ ሕጉ የሚወሰነው በያዙት ፓስፖርት እንጂ በትውልድ አገር አይደለም፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ይከፍላል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተለያየ ፓስፖርት ካለ የእያንዳንዱን ለየብቻ ማጣራት ያስፈልጋል።

ተረት፦ «የአሜሪካ ፓስፖርት ላለው ቢጫ ካርድ አይጠየቅም።»

እውነታ፦ የሚታየው ከየት እንደመጡ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊያጋጥምባቸው ከሚችሉ አገሮች መካከል ስለምትመደብ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ታንዛኒያ ወይም ወደ ኬንያ የሚገባ መንገደኛ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ታንዛኒያ አውሮፕላን ለመቀየር እንዲህ ባለ አገር ከ12 ሰዓት በላይ የቆየውንም ትጠይቃለች። ከዋሽንግተን መጥቶ እናቱን ጠይቆ ወደ አሩሻ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ካርዱን መያዝ አለበት። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የመነሻው ዋዜማ ላይ መከተብ አያድንም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል የድሮ ካርድ ያለው ሰው አይጣለው። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወላጆችና ነፍሰ ጡሮች ግን ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ወባም የራሱ ዝግጅት ይፈልጋል። «እኔ አፍሪካዊ ነኝ፣ ወባ አይደፍረኝም» ማለት አደገኛ ነው፤ በደጋ ያደገ ወይም ለዓመታት ውጭ የኖረ ሰው ወባን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። መከላከያ መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ከመነሳት አንድ ቀን ወይም ሳምንታት ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ጥሩ ነው። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ወዲያው መንገር ሕይወት ያድናል።

ተረት፦ «አገሩ ሞቃት ነው፤ ቀላል ልብስና ወታደራዊ ዝንጉርጉር ሱሪ ይበቃል።»

እውነታ፦ ዝንጉርጉሩን የወታደር ልብስ ቤት ይተዉት። በኬንያም በታንዛኒያም ለሲቪል ሰው የተከለከለ ነው። ስለ ሙቀቱ ደግሞ ይህን ያስቡ፦ የታንዛኒያው የንጎሮንጎሮ ሸለቆ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይለይም። በሐምሌ ማለዳ ጣሪያው በተከፈተ መኪና ለሚወርድ ሰው ሹራብ፣ ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ያስፈልጋሉ። እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ይሞቃል፤ ስለዚህ ደራርቦ ለብሶ እየቀነሱ መሄድ ነው። ጼጼ ዝንብን ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ስለሚስቡት ቡኒ፣ አመድማ ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ ልብስ ይመረጣል።

በትንንሽ አውሮፕላኖች ወደ ፓርኮቹ የሚበር ሰው የሚፈቀድለት ጓዝ በአብዛኛው 15 ኪሎ ነው፤ እሱም በለስላሳ ቦርሳ መሆን አለበት። ጠንካራ ሻንጣ በጠባቡ የጭነት ክፍል አይገባም። የፌስታል ከረጢት ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለከለከሉ ሻንጣ ውስጥ እንዳይቀር። ድሮንም ያለ ልዩ ፈቃድ አይበርም። የሩቅ ማያ መነጽር ለሳፋሪ በጣም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ቦሌ ላይ ሊያዝ ስለሚችል በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ጉምሩክን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አለዚያ አስጎብኚ ድርጅቱ እዚያው እንዲያዘጋጅለት ይስማማ።

ተረት፦ «ሳፋሪ ሁሉ አንድ ነው፤ ርካሹን ጥቅል መውሰድ ነው።»

እውነታ፦ ልዩነቱ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ማሳይ ማራ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ተመን የውጭ አገር ጎብኚ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በቀን 200 ዶላር፣ በቀሪዎቹ 100 ዶላር ይከፍላል፤ ትኬቱም ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነው የሚያገለግለው። በታንዛኒያ ደግሞ ከአሩሻ ወደ ሴሬንጌቲ የሚወስደው ዋናው መንገድ የንጎሮንጎሮን ጥብቅ ክልል ስለሚያቋርጥ ለማለፍ ብቻም ይከፈላል። ወደ ሸለቆው ለሚወርድ መኪና ሌላ ክፍያ አለ። ርካሽ የተባለው ዋጋ እነዚህን ሁሉ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማረፊያው ፓርኩ ውስጥ ነው ወይስ የሁለት ሰዓት መንገድ ውጭ? መኪናው የእኛ ብቻ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? እያንዳንዱ ሰው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል? የአስጎብኚው ጉርሻ ለብቻው መሆኑንም አስበው ይያዙ። ሐኪም ቤት ሩቅ በመሆኑ በአውሮፕላን የማንሳት ሽፋን ያለው የጉዞ ዋስትና መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ተረት፦ «በአንድ ቀን አምስቱንም ትልልቅ እንስሳት እናያለን፤ መኪናው ወደ እንስሳቱ ይጠጋልና።»

እውነታ፦ አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ ተሰብስበው አይጠብቁም። ነብር ዛፍ ላይ ይደበቃል፤ አውራሪስ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለማየት የተሻለ ዕድል ያለው በንጎሮንጎሮ ሸለቆ ነው። አንበሳ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝቶ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ መነሳት ዋጋ አለው። በሴሬንጌቲም ሆነ በማሳይ ማራ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት የተከለከለ ስለሆነ አስጎብኚን «ትንሽ ጠጋ በልልን» ብሎ መወትወት እሱን ለቅጣት፣ እንስሳውንም ለጭንቀት መዳረግ ነው። እንስሳት መኪናውን እንደ አንድ ነገር ያዩታል፤ መውረድ ወይም በመስኮት መንጠልጠል ይህን ያፈርሰዋል።

እንግዲህ ዝግጅቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ምን ማየት እንደምንፈልግ እንወስን፤ ያ ወሩን ይነግረናል፤ ወሩ ቦታውን፣ ቦታው የቀኑን ብዛት፣ የቀኑ ብዛት ገንዘቡን ይወስናል። በገንዘቡ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንጋው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ፓርኮቹ በሕግ የሚጠበቁት ከእኛም በኋላ ለሚመጡ ነውና ጊዜውን አውቆ፣ ሕጉን አክብሮ የሚሄድ ጎብኚ ገንዘቡንም ሜዳውንም ያተርፋል።