የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን ታሪክ

በአምቦም ሆነ በግንጪና በጉደር ኳስ የማይወድ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም አንድ ቡድን እንዴት እንደሚመሠረትና በምን ኃይል ብዙ ዘመን እንደሚኖር የምንጠይቀው ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በሀገራችን አንጋፋ የሆነውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ቡድኑ የተመሠረተው በ1928 ዓ. ም. በአዲስ አበባ፥ በአራዳ ነው። መሥራቾቹ ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። ስሙንም የወሰዱት በዚያው ሠፈር ካለው፥ የአድዋ ድል መታሰቢያ ከሆነው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደጋፊዎቹ ዛሬ «ፈረሰኞቹ» እያሉ የሚጠሩት ቅዱሱ በፈረስ ላይ ሆኖ ስለሚሣል ነው።

ቡድኑ በተመሠረተበት ዓመት በሚያዝያ 27 ቀን የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስቶቹም ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋራ እንዳይጫወቱ ለይተው፥ ለሀገሬው ቡድኖች አዲስ ስም አወጡላቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሽስቶች የሥልጣን ምልክት ነው። ልጆቹ ግን በተሰጣቸው ስም እየተጠሩ፥ በልባቸው የራሳቸውን ስም ይዘው ቆዩ።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ. ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተደረገ። በዚያን ጊዜ አራራት የአርመኖች፥ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፥ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች ነበር፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮንም ቡድን ነበረው። የኢትዮጵያውያን ወኪል ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞች ሲሆኑ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን የሆነው በ1942 ዓ. ም. ነው።

ከዚህ ቡድን ከወጡት ሰዎች ሁሉ የላቁት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ለቡድኑ 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግብ ማግባታቸው ተመዝግቧል። በ1949 ዓ. ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ. ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ. ም. በፕሬዚዳንትነት መሩት፤ የደቡብ አፍሪካንም የዘር መድልዎ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1954 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። አራተኛውንም ግብ ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር።

በደርግ ዘመን ደግሞ የቡድኑ ስም ሁለተኛ ጊዜ ተለወጠ፤ የቢራ ፋብሪካ ቡድን ተባለ። ሥርዓቱ ካለፈ በኋላ ግን የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት።

በመጀመሪያ ተጫዋቾቹ የሚጫወቱት ለፍቅር እንጂ ለደመወዝ አልነበረም። ዛሬ ግን ኳስ ሙያ ሆኗል። ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ. ም. ከተጀመረ ወዲህ ክለቦች በውል ተጫዋች ይቀጥራሉ፤ ለምሳሌ የዑጋንዳው ግብ ጠባቂ ሮበርት ኦዶንካራ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ዓመት ተጫውቷል። በ2009 ዓ. ም. ቡድኑ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ የምድብ ውድድር ገባ። ደመወዝ ጥሩ ተጫዋች ያመጣል፤ ነገር ግን ስሙ ሁለት ጊዜ ሲወሰድበት ቡድኑን ያቆየው ደመወዝ አይደለም።

ይህን ነገር እኛ የአምቦ ልጆች ለመረዳት አይቸግረንም። ከተማችን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ በወረቀት ላይ ተጽፋ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አምቦ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬም አምቦ ናት። ሰው የወደደውን ስም በትእዛዝ አይረሳም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በየሠፈራችን የምንመሠርተው ቡድን በአንድ ሽንፈት ወይም በክረምት ዝናብ የሚፈርስበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው አንበል። ማልያ ይለወጣል፥ ተጫዋችም ያረጃል፤ የሚቀረው ስሙንና የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። አንጋፋውን ቡድን የጀመሩትም ወጣቶች መሆናቸውን አንርሳ። ወላጆችና መምህራንም ሜዳውን እንዳይነፍጉን በትሕትና እንለምናለን።