ያውቁ ኖሯል? ሥዕል እግር ሲያወጣ

በሰከንድ 24 ፍሬም በሚያልፍበት ፊልም ውስጥ፣ የጥንቶቹ የካርቱን ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሥሉት 12 ሥዕል ብቻ ነበር፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ያቆዩታል። ዛሬ በኮምፒውተር ከሚሥሉትም ብዙዎቹ ይህንኑ ይከተላሉ። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል።

ዲዝኒ ቀለም ቅቡን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የሠራበት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «ዘ ሬስኪውርስ ዳውን አንደር» ነው። ኮምፒውተሩ የተረከበው ቀለሙን ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን የሣለው ያው የሰው እጅ ነበር።

ግመል የአንድ ወገን የፊትና የኋላ እግሩን አብሮ እንደሚያነሳስ ያውቁ ኖሯል? ፈረስና አህያ በሶምሶማ ሲሄዱ የግራውን የፊት እግር ከቀኙ የኋላ እግር ጋር ያጣምራሉ። የግመል ክብደት ግን ተራ በተራ በአንድ ጎን ላይ ስለሚያርፍ ገላው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የፈረስን አረማመድ ለግመል የሰጠ ሠዓሊ የአጣዬን ሰው አያታልልም፤ ግመል የሚቀርብበትን፣ በአቅራቢያው ያለውን የሰንበቴን የእሑድ ገበያ የለመደ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ከአጣዬ ለሚነሳ ወጣት አኒሜተር ይህ ዓይን ትልቅ ሀብት ነው እላለሁ። የገበያውን ግመል በስልክ ቀርጾ ቪዲዮውን በሥዕል ሶፍትዌሩ የታችኛው ሌየር (ንብርብር) ላይ ያነጥፍና እግሩ መሬት የነካበትን ፍሬም ለይቶ ይሥላል። ቀጥሎ የመሐሉን ይሞላል። የቀደመው ሥዕል ፈዝዞ ከሥር እንዲታይ የሚያደርገው «ኦኒየን ስኪን» የሚባለው መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የዲዝኒዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 የአኒሜሽን መርሖዎችን አስፍረዋል። አንዱ ተከታይ እንቅስቃሴ ነው፦ ሴትዮዋ ስትቆም የነጠላዋ ጫፍ አብሯት አይቆምም፤ ጥቂት አልፎ ይመለሳል። በሶፍትዌር ነጠላውን በራሱ ሌየር ላይ ሥሎ እንቅስቃሴውን ሁለት ሦስት ፍሬም ማዘግየት ነው።

የፊደል ገበታችን ለሚናገር ገጸ ባሕርይ የአፍ ሥዕል ጥሩ መነሻ ነው። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፣ ሳልስና ኃምስ ይለጥጣሉ፣ ራብዕ ይከፍታል። መ፣ በ፣ ጰና ፐ ደግሞ ከንፈር ካልገጠመ አይወጡም፤ «ሰላም» ብሎ አፉን ሳይገጥም የቀረ ገጸ ባሕርይ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። የአፉ ሥዕል ከድምፁ አንድ ሁለት ፍሬም ቢቀድም ደግሞ ለዓይን ይበልጥ ይስማማል።

በአገራችን ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ቀጭኔዋን ፀሐይን በአሻንጉሊትነት ለቴሌቪዥን አበቁ፤ ዝግጅቱ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ። ከዚያ «ጥበብ ገርልስ» በተሰኘው አኒሜሽን ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ታጥቀው ጎጂ ልማዶችን ተጋፈጡ።

ለጀማሪ የሚሆን ነፃ ሶፍትዌርም አለ፦ የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ከ«ልዕልት ሞኖኖኬ» (እ.ኤ.አ. 1997) ጀምሮ የተጠቀመበት ቱንዝ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦፕንቱንዝ» ተብሎ በነፃ ተለቋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር የወሰደው የላትቪያው ፊልም «ፍሎው» የተሠራውም ብሌንደር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱም ሶፍትዌሮች አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።